ጠበቃዋ «ጥያቄ የለንም» ብላ ተቀመጠች፤ ምን ነክቷት ነው?

ቡና ያለስኳር
እሁድ ማታ 4:10

የዛሬውን የችሎት ድራማ ክፍል ያላያችሁ ከዚህ ውጡ። ሁሉንም ነው የማወራው። በኋላ «አበላሸሽብን» እንዳትሉኝ።

እኔና እናቴ አራት ኪሎ ቤታችን ቁጭ ብለን እያየን ነው። እራቱ ቀርቧል፣ የነካው ሰው ግን የለም። ጌታውን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰው ሹፌር ላይ ዘበኛው ሊመሰክር ገባ። አሥራ ሦስት ክፍል ሙሉ የጠበቅነው ሰው ነው። ማለ። መነጽሮ (እኛ ቤት ዐቃቤ ሕጉን መነጽሮ ነው የምንለው) አንድ በአንድ ጠየቀው።

ዘበኛው ያለው ይኼ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ የጌታው መኪና መጣች። ክላክስ ተደረገ። በሩን ከፈተ። መኪናዋ ገባች፣ አንድ ሰው ወርዶ ወደ ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ሰማ። ሰውየው በእግሩ ሮጦ ወጣ። መነጽሮ «መኪናዋን የሚነዳት ማን ነው?» አለው። «ሹፌሩ ነዋ!» አለ። መነጽሮ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

እኛ ደግሞ ዞር ብለን ባለሻርፗን የሹፌሩን ጠበቃ አየን። አሁን ትነሳለች፣ ታፋጥጠዋለች፣ ላብ በላብ ታደርገዋለች ብለን። ተነሳች። «መስቀለኛ ጥያቄ የለንም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች። ቁጭ!

እናቴ ትሪውን ገፋ አደረገችው። «ይቺ ልጅ አሞኛል ብላ አትቀርም ነበር?» አለች።

ከዛ ምን ሆነ? ልጁን፣ ሹፌሩን ማለቴ ነው፣ «ተከላከል» አሉት። እናቱ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ደሜ ፈልቷል። ገንዘብ ተቀብላ ነው? ከሟች ቤተሰብ ጋር ተስማምታ ነው? የገባው ሰው ያስረዳኝ።


ሜክሲኮ አደባባይ
እሁድ ማታ 4:18

ተሸጣለች። አለቀ። ክፍል 9 ላይ ከሟች ወንድም ጋር ቡና ስትጠጣ ያየን ሰዎች ምንም አልገረመንም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶች። ይኼ ልጅ የሚቀርበት ግን ደጃዝማችነት አይደለም፣ አንገቱ ነው።


ላዳ ሰማያዊ
እሁድ ማታ 4:31

እኔ ሹፌር ነኝ። ታክሲ ከመያዜ በፊት ስድስት ዓመት የሰው መኪና ነድቻለሁ። መኪናዋ የተጫረች ቀን ሁሉ የጫርኳት እኔ ነኝ። ልጃቸው ቅዳሜ ማታ ይዟት ወጥቶ እሁድ ጠዋት መብራቷ ተሰብሮ ስትገኝም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ከደሞዜ ተቆረጠ። ሴትየዋ «መኪናዋን የምትነዳት አንተ አይደለህ እንዴ?» ነው ያሉኝ።

እና ዘበኛው «ሹፌሩ ነዋ!» ሲል እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ነው የጮኽኩት። ምን ነዋ አለው? ቁልፍ እኮ ማንም ያነሳል። ጠበቃዋ ይቺን አንዲት ነገር መጠየቅ አቃታት? «ሌላ የሚነዳት ሰው አለ ወይ?» ማለት ስንት ብር ይፈጃል?


ጥቁር ካባ
እሁድ ማታ 5:02

ስሜን አልናገርም፣ ሥራዬ ግን ይኼው ነው። ልደታ ፍርድ ቤት መመላለስ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እስቲ ቀዝቀዝ ብለን እንየው።

ዘበኛው «ሹፌሩን አየሁት» አለ? አላለም። ደግማችሁ ስሙት። «አንድ ሰው ወረደ» ነው ያለው። ማን ነው የሚነዳት ሲባል ደግሞ «ሹፌሩ ነዋ» አለ። ይኼ በዓይኑ ያየውን መናገር አይደለም፤ በየቀኑ የለመደውን መናገር ነው። ላዳ ሰማያዊ ጥሩ አድርጎ ይዞታል። መነጽሮ ደስ ብሎት ተቀመጠ እንጂ ቀዳዳውን አልደፈነውም።

አሁን ጠበቃዋ ተነስታ «ፊቱን አይተሃል ወይ?» ትበለው። «አላየሁም» ካለ ጥሩ። «አዎ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ ነበር፣ አይቼዋለሁ» ካለስ? ልጁ አበቃለት፤ ያውም በገዛ ጠበቃው። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ እንደዚህ ዓይነት አንዲት ጥያቄ ጠይቄ አውቃለሁ። መልሱን እስካሁን አልረሳሁትም። ደንበኛዬም የረሳ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 137 ስለ ጥያቄ አቀራረብ ይናገራል። ዋና ጥያቄ የሚጠይቀው ምስክሩን የጠራው ወገን ነው። ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን ለምስክሩ የሚጠቁም ጥያቄ፣ መጠየቅ አይችልም። መስቀለኛ ጥያቄ የተቃራኒው ወገን ነው፤ እዚያ መሪ ጥያቄ ይፈቀዳል። ከዚያ ምስክሩን የጠራው ሰው ድጋሚ ጥያቄ አለው። ድጋሚ ጥያቄ ግን በመስቀለኛው የተነሳውን ለማጥራት ብቻ ነው። ገባችሁ? መስቀለኛ ከሌለ የሚጠራ ነገር የለም። መነጽሮ ወንበሩ ላይ ሆኖ የረሳው ነገር ቢታወሰው እንኳ መነሻ የለውም። በሩን ዘጋችበት።

የረሳው ነገር ነበረው ወይ? ነበረው! ክፍል 6 ላይ ዘበኛው ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ ትዝ ይላችኋል? ሻዩን እያማሰለ «ከሳምንት በፊት ሹፌሩ በጌታዬ ላይ ሲዝት ሰምቻለሁ» ብሏል። ዛሬ ችሎት ላይ ይቺ ነገር አልተነሳችም። መነጽሮ ዘለላት። ጠበቃዋ «ከሹፌሩ ጋር ቂም አለህ?» ምናምን ብላ ብትነካካው ኖሮ ሰውየው ዛቻውን እዚያው ይዘረግፈው ነበር።

ይቺ ዛቻ ለምን ከበደች? ልጁ የተከሰሰው በወንጀል ሕጉ ቁጥር 539 ነው፤ ከባድ የሰው ግድያ። ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው። 539 ለማለት ገዳዩ አስቀድሞ ያሰበበት መሆኑን፣ ወይም ጨካኝና አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ ነገር መቅረብ አለበት። ሳምንት የቀደመ ዛቻ ማለት በትክክል እሱ ነው።

እና ሁላችሁም «ተከላከል» የሚለውን ሰምታችሁ ጮኻችሁ። የብይኑን ሌላውን ግማሽ ማን ሰማ? ሰብሳቢዋ ዳኛ «ክሱ በቁጥር 540 ሥር ተለውጦ እንዲከላከል» ነው ያሉት። ካሜራው እናቱን እያሳየን ስለነበር አመለጣችሁ። 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ሕጉ 113 መሠረት እንዲህ ማድረግ ይችላል። ጠዋት የሞት ቅጣት ከፊቱ ተደቅኖ የገባ ልጅ ማታ ያ ነገር ተነስቶለት ወጣ። ጠበቃው ደግሞ አንድም ጥያቄ አልጠየቀች።


ቡና ያለስኳር
እሁድ ማታ 5:15

ውይ፣ የ540ውን ነገር እውነትም አልሰማሁትም። እናቴ እየጮኸች ነበር።

ግን ጥቁር ካባ፣ ልጁ ንጹሕ ከሆነስ? እኔ ንጹሕ ነው ብዬ ነው የማየው። ንጹሕ ሰው 20 ዓመት ሊፈረድበት ሲችል «እንኳን ደስ አለህ» ይባላል? በዚያ ላይ መነጽሮ እንዴት ይቺን ይረሳል? ደራሲው ሞኝ አደረገው።


ጥቁር ካባ
እሁድ ማታ 5:21

ሞኝ አይደለም። በአንድ ጠዋት ስንት መዝገብ ታቅፎ እንደሚገባ ብታዪ አትፈርጂበትም። እንዲያውም እሱ ነው እውነተኛ ሰው የመሰለኝ። ክፍል 11 ላይ ኮሪደር ላይ ቆሞ ደረቅ ቂጣ ሲበላ ያሳዩት ቦታ አለ፤ አንዱን ቅጠል በጥርሱ ይዞ ሌላውን መዝገብ ሲያገላብጥ። እሱን የጻፈው ሰው ልደታን ያውቃል።

ንጹሕ ከሆነ ስላልሽው፣ ገና መከላከያው አልተሰማም። ተከላከል ማለት ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም።


ባለጉዳይ
እሁድ ማታ 5:40

ሁላችሁም ስለ ጥያቄ ታወራላችሁ። እኔ ያልገባኝ ምስክር በተሰማበት ቀን ብይን የሚሰጥ ፍርድ ቤት የት እንዳለ ነው። አድራሻውን ንገሩኝና መዝገቤን ላዛውር።

የእኔ ወንጀል አይደለም፣ የውርስ ጉዳይ ነው። ሦስት ዓመት አልፎኛል። ጠዋት ልደታ ከባቡር እወርዳለሁ። አጥሩ ሥር ራፖር ጸሐፊዎቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንዷ አሁን ታውቀኛለች፤ «ዛሬም አልቆረጠልህም?» ትለኛለች። ፍተሻ አልፌ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቴ እየተከተልኩ ስሜን እፈልጋለሁ። አገኘዋለሁ፣ ችሎቱ በር ላይ እቆማለሁ። ከዚያ ጸሐፊዋ ብቅ ብላ አሥራ ምናምን መዝገብ በአንድ ትንፋሽ ትጠራለች።

ምስክሮቼ የተሰሙት አምና ነው። የምስክር ቃል በድምፅ ይቀረጻል። ከዚያ «ቃሉ ተገልብጦ ከመዝገቡ ጋር እስኪያያዝ» ይባልና ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው ቀን ስሄድ አልተገለበጠም። ቀጥሎ ስሄድ ተገልብጧል፣ ግን ዳኛው ተቀይረዋል። ቀጥሎ ስሄድ አዲሱ ዳኛ መዝገቡን መርምረው አልጨረሱም። ድራማው ይቺን ቢያሳይ ስሙን «ቀጠሮ» ብለው አንድ መቶ ክፍል ያወጡ ነበር።

ደግሞ መዶሻው! ሰብሳቢዋ ዳኛ በመዶሻ ጠረጴዛ ሲመቱ እኔ በሦስት ዓመት አንድ ቀን አላየሁም። ከየት ነው ያመጡት?


ላዳ ሰማያዊ
እሁድ ማታ 5:44

ከአሜሪካ ፊልም ነዋ! «ተቃውሞ አለኝ!» እያሉ ብድግ ብድግ ማለቱም ከዚያው ነው። ጁሪ አለማምጣታቸውም ተመስገን ነው።


የስድስት ኪሎ ተማሪ
ሰኞ ጠዋት 2:05

ሕግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ትናንት ማታ ዶርም ውስጥ አሥራ ሁለት ሆነን በአንድ ስልክ ነው ያየነው። በማግሥቱ ጠዋት ክላስ አለን ብለን ነበር፣ ማንም አልተኛም።

ጋሼ ጥቁር ካባ፣ በትሕትና አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም አብራርተዋል፣ አንድ ነገር ግን የዘለሉ መሰለኝ። ጠበቃዋ የመነጽሮን በር ዘጋች እንጂ የዳኞቹን በር መዝጋት አትችልም። በቁጥር 136 መሠረት ፍርድ ቤቱ ለትክክለኛ ፍርድ ያስፈልጋል ያለውን ጥያቄ ምስክሩን በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላል። የማጣሪያ ጥያቄ የሚባለው ነው። ስለዚህ እሷ «የለንም» ብላ ስትቀመጥ ቁማር ነው የተጫወተችው። ሰብሳቢዋ «የወረደውን ሰው ለይተኸዋል?» ብለው ቢጠይቁስ?

እና ጠየቁ እኮ! ማንም ልብ አላለውም። ከእሷ መቀመጥ በኋላ ሰብሳቢዋ ወደ ቀኝ ዳኛው ዘንበል አሉ፣ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ ዘበኛውን «የግቢው መብራት በርቶ ነበር ወይ?» አሉት። ዘበኛው «አይ፣ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ነበር» አለ። አበቃ። «እንደገና ልጠይቅ» ያለም የለም።

እኛ ዶርም ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ነው የጮኽነው። የእሷን ጥያቄ ዳኛዋ ጠየቁላት። ከዳኛ አፍ ሲወጣ ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው። ጠበቃ ጠይቆ «ጠፍቶ ነበር» ቢል፣ መነጽሮ ተነስቶ «ባትሪ አልነበረህም?» ይለው ነበር።


ጥቁር ካባ
ሰኞ ጠዋት 2:40

ልክ ነህ፣ ዘልዬዋለሁ። እኔ ከተማሪ እርማት የምቀበል ሰው ነኝ፣ በርታ። ጋሼ አትበለኝ ግን፤ ያን ያህል አልደረስኩም።


ሜክሲኮ አደባባይ
ሰኞ ጠዋት 3:10

እሺ ረቂቅ ናት እንበል። ታዲያ ከሟች ወንድም ጋር የጠጣችው ቡና? እሱን በአንቀጽ አስረዱኝ።


ነጠላ
ሰኞ ቀን 6:20

ምሳ ሰዓት ላይ ነው የማነባችሁ፤ እያረርኩ ነው። ሁላችሁም ሳታዩት ያለፋችሁት ነገር አለ።

ይኼን ዝም ማለት መነጽሮ ቢያደርገው «ወይ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» ትሉት ነበር። ሴት ስላደረገችው ተሸጣለች ተባለ። ክፍል 9 ላይ ከሟች ወንድም ጋር ቡና የጠጣችው አንድ ስኒ ነው፤ ስኒውንም ሳትጨርስ ነው የተነሳችው። መነጽሮ ከሟች ሚስት ጋር ሁለት ክፍል ሙሉ ሲጨዋወት ማን ምን አለ?

እኔ ያዘንኩት ለልጁ እናት ነው። ለእሷ ማንም አላስረዳትም። «ተከላከል» ሲባል ልጇ የተፈረደበት መስሏታል። ከችሎት ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነው የሄደችው። ጠበቃዋ በአጠገቧ አለፈች፤ ትከሻዋን ነካ እንኳን አላደረገቻትም። ጎበዝ ጠበቃ ልትሆን ትችላለች። ግን «እማማ፣ ከባዱ አልፏል» ለማለት ሕግ ይከለክላታል? እኔ የተቀየምኳት እዚያ ላይ ነው።


ቡና ያለስኳር
ሰኞ ቀን 6:33

ነጠላ፣ በዚህኛው አልከራከርሽም። እናቴም ያለችው እሱን ነው። «መማር ጥሩ ነው፣ ሰው መሆን ደግሞ አለ» አለች።


ጥቁር ካባ
ሰኞ ቀን 7:00

እውነት ነው፤ የብዙዎቻችን በሽታ ነው። ከችሎት ስንወጣ ጭንቅላታችን ቀጣዩ መዝገብ ላይ ነው። ባለጉዳይ እጅጌ ይዞ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል። «ደህና ነው፣ ቀጠሮ ነው» እንላለን። እኔም ብያለሁ።


ጋሼ አራዳ
ሰኞ ማታ 1:15

ልጆች፣ እኔ ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ሽማግሌ ነኝ። ይኼን ድራማ ከልጅ ልጄ ጋር ነው የማየው። ጽሑፋችሁን ያነበበችልኝም እሷ ናት፣ የምትጽፍልኝም እሷ ናት።

ሙግት እኛ አገር ድሮ ሌላ ነገር ነበር። አባቴ ይነግረን ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አሸርጠው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ዳኛው ፊት ይቆሙና «በላ ልበልሃ!» ይባባላሉ። ውርርድ አለ፤ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ። ሰው ሥራውን ትቶ ሊሰማ ይመጣል። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳን «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ቆሞ ይዳኛል። የዳኞቹ የበላይ አፈ ንጉሡ ነበሩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርዱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ናቸው።

እና እናንተ ለምን እንደተናደዳችሁ ገብቶኛል። ጠበቃ ማለት ለእኛ ተናጋሪ ነው። ነገር አዋቂ ሲባል አፉ የሚጣፍጥ፣ ቅኔ የሚዘርፍ፣ ዱላውን የሚወዘውዝ ነው። ይቺ ልጅ ዱላዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። እኔም መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ቡና እየጠጣሁ አባቴ ስለ አንድ ባላገር የነገረን ትዝ አለኝ። ሰውየው በድንበር ጉዳይ ተከሶ ቀረበ። ከሳሹ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ዋለ፤ ስለ አያቱ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ድንጋዩ። በመጨረሻ ዳኛው «አንተስ?» ቢሉት «ጌታዬ፣ ድንጋዩ ከዛፉ በታች ነው ብሏል፤ እኔም እሱን ነው የምለው» አለ። ረታ። ከሳሹ በገዛ አፉ ድንበሩን አሳይቷል።

መስቀለኛ ጥያቄ የምትሉት ያኔ ስሙ ሌላ ነበር እንጂ ነገሩ ነበረ።


ሜክሲኮ አደባባይ
ሰኞ ማታ 1:30

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉማ እኔ ምን ልበል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ልለፈው። ቡናውን ግን አልረሳሁም።


ላዳ ሰማያዊ
ሰኞ ማታ 1:52

ቡናውን ተወው፤ ቁልፉን አስታውስ። ዛሬ መስቀል አደባባይ ጋ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ክፍል 9ን በስልክ ደግሜ አየሁት። የሟች ወንድም ቡናውን ሲጠጣ ጠረጴዛው ላይ ምን አስቀመጠ? የቁልፍ መያዣ። ቀይ ክር የታሰረበት። ክፍል 2 ላይ ሹፌሩ የሚይዘው ቁልፍ ላይ ያለው ክር ምን ዓይነት ነው? ቀይ! መኪናዋ ሁለት ቁልፍ አላት ጓዶች። ጠበቃዋ ቡና ልትጠጣ አልሄደችም። ቁልፉን ልታይ ነው የሄደችው።


ነጠላ
ሰኞ ማታ 1:58

ለዚህ ነዋ ስኒውን ሳትጨርስ የተነሳችው!! ሰውነቴን ወረረኝ።


የስድስት ኪሎ ተማሪ
ሰኞ ማታ 2:20

ይኼ ከሆነማ ዘበኛውን «ሌላ የሚነዳት አለ ወይ?» ብላ አለመጠየቋ የባሰ ይገባል። ከጠየቀች ወንድምየው በማግሥቱ ቁልፉን ይጥለዋል። መከላከያዋን ለመነጽሮም ለወንድምየውም ማሳየት አልፈለገችም።

አንድ የሚያስፈራኝ ግን አለ። ልጁ ፖሊስ ጣቢያ በሥነ ሥርዓት ሕጉ 27(2) የሰጠው ቃል አለ፣ ሸሚዙ ላይ የተገኘው ደምም አለ። እነዚያ ባይኖሩ ኖሮ በ141 መሠረት ሳይከላከል በነጻ ይሰናበት ነበር። ቃሉን ሲሰጥ እንዴት እንደያዙት ክፍል 5 ላይ አይተናል። በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። እስካሁን አላነሳችውም። ለምን?


ጥቁር ካባ
ሰኞ ማታ 2:45

እኔም አልገባኝም። እዚህ ላይ አልከላከልላትም። እኔ ብሆን ማስረጃው ሲቀርብ ገና ነበር የምቃወመው። ወይ ደራሲው ረስቶታል፣ ወይ ለእሁድ አስቀምጦታል።


ሜክሲኮ አደባባይ
ሰኞ ማታ 2:50

እሁድ ልጁ ራሱ ይናገራል ተብሏል። መነጽሮ ይቦጫጭቀዋል። እኔ ሻዬን ይዤ ነው የምጠብቀው።


ጥቁር ካባ
ሰኞ ማታ 3:01

ሻይህን ጠጣ፣ አይቦጫጭቀውም። ልጁ የተከሳሽነት ቃሉን ሲሰጥ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብበትም። ያልገባቸውን እንዲያብራራ መጠየቅ የሚችሉት ዳኞቹ ብቻ ናቸው። ቁጥር 142 ነው። ተከሳሽን አስቁሞ ማስለቀስ የውጭ ፊልም ነው። ድራማው ይኼን ካበላሸው ግን እኔም ሪሞቴን እወረውራለሁ።


ባለጉዳይ
ሰኞ ማታ 3:15

ወርውር። እኔ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ለምርመራ ነው ወይስ ለሌላ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም። ራፖር ጸሐፊዋ ይኼን ድራማ እንደምታይ ነግራኛለች። ስለ ዘበኛው ምን እንዳሰበች እጠይቃትና እጽፍላችኋለሁ። እሷ ከሁላችንም በላይ ምስክር አይታለች።


ቡና ያለስኳር
ሰኞ ማታ 4:05

ከእናቴ ጋር ደግመን አየነው። የጀመርኩት እኔ ነኝና ያየሁትን ልናገር።

ጠበቃዋ ሙሉውን ጊዜ እስክሪብቶ ይዛ ትጽፋለች። እኔ ትናንት ይቺን አላየኋትም፤ ያየቻት እናቴ ናት። መነጽሮ «የወረደው ሰው ምን አደረገ?» ሲለው እየጻፈች ነው። «ወደ ቤት ገባ» ሲል እየጻፈች ነው። ከዚያ መነጽሮ «መኪናዋን የሚነዳት ማን ነው?» አለ። ዘበኛው ገና አፉን አልከፈተም። በዚያች መሐል፣ መልሱ ሳይመጣ፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመችው። ቀጭ ሲል ድምፁ ይሰማል። ከዚያ ነው ዘበኛው «ሹፌሩ ነዋ!» ያለው።

እናቴ ሦስት ጊዜ አስመለሰችኝ። «ሳይመልስ ነው የከደነችው?» እያለች። አራተኛውን ልትመልሰው ስትል መብራት ሄደ። አሁን በሻማ ተቀምጠን እየጠበቅን ነው፤ እሷ እራቷን እየበላች ነው።